ማኅተሙ ለሰሚራ፣ መርፌው ለኢፍቱ

ማክሰኞ ጠዋት ልጄ ሰሚራ ጡት ይዛ ተወችው። እንደገና ሰጠኋት። ሁለቴ ሳብ አድርጋ አፏን አላቀቀችና ማለክለክ ጀመረች። ዘጠኝ ወር ሊሞላት ጥቂት ቀናት ቀርተዋት ነበር። ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ ትስል ነበር፤ አፍንጫዋም ይፈስሳል። እኔ ግን አቧራው ነው ብዬ ዝም አልኩ። በዚያ ወር በእኛ ሰፈር፣ በኬንያው ሞያሌ ማንያታ ውስጥ የማይስል ልጅ አልነበረም። ከእሷ ጋር በአንድ ፍራሽ ላይ የምትተኛው የአክስቷ ልጅ ኢፍቱም ትስል ነበር።

ይህን የምጽፈው ልጃቸው ሲያቃስት አጠገቡ ተቀምጠው "ይሻለው ይሆን?" ለሚሉ እናቶችና አባቶች ስለሆነ ምልክቶቹን ልክ እንዳየኋቸው ላስቀምጥ። ትንፋሿ ከወትሮው እጅግ ፈጠነ። በተነፈሰች ቁጥር የአፍንጫዋ ቀዳዳ ይከፈታል። ልብሷን ስገልጠው ከጎድን አጥንቷ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ትንፋሽ ስታወጣ "እህ፣ እህ" ትላለች። ሰውነቷ ያቃጥላል፣ እግሯ ግን ቀዝቅዟል። ከእነዚህ አንዱን እንኳ ካያችሁ ይህን ጽሑፍ አስቀምጡና ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። ስትመለሱ ታነቡታላችሁ።

እኔ ወዲያው አልሄድኩም። ደረቷን ጥቁር አዝሙድ ዘይት ቀባሁት። ለልጅ ሳል ይበጃል ሲሉ የሰማሁትን ሁሉ ሞከርኩ። አንዲት ጎረቤት ገብታ "ጀርባዋን በጋለ ብረት ብታስተኩሺያት ይለቃት ነበር" ስትለኝ እሺ ልላት ምንም አልቀረኝም። ያዳነኝ የባለቤቴ እህት መዲና ከውጭ መግባቷ ነው። መዲና የኢፍቱ እናት ናት። ሰሚራን አንዴ አየቻትና ሻሼን ከግድግዳው ላይ መንጭቃ፣ "ሃሊሜ፣ ይቺ ልጅ እየሄደችብሽ እኮ ነው! ተነሺ፣ ሆስፒታል!" አለችኝ።

ስንወጣ የልጅቷን የክሊኒክ ካርድ ከሳጥን አነሳሁ። በኬንያ በኩል ያለ ካርድ ሆስፒታል አይኬድም። ካርዱን ስይዘው ልቤ ድንግጥ አለ። ለምን እንደሆነ ለመናገር ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

ያን ጊዜ እኔ ሚቱምባ ነበር የምሸጠው። ከሞያሌ በላይ ላላችሁ፣ ሰልባጅ ልብስ ማለት ነው። ቦንዳውን ከኬንያው ሞያሌ እየገዛሁ ወደ ኢትዮጵያው ሞያሌ አሻግራለሁ፤ ሲቀናኝም እስከ ያቤሎ እሄድበታለሁ። ሰሚራ የተወለደችው ኬንያ በኩል ሆስፒታል ውስጥ ስለሆነ ካርዷን እዚያው ሰጡን። ኢፍቱ ከእሷ ሁለት ሳምንት በኋላ ማዶ፣ ኢትዮጵያ በኩል፣ ቤት ውስጥ ተወለደች። የመዲና ባል የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ወሩን ሙሉ መንገድ ላይ ነው የሚውለው። ስለዚህ መዲና አራስነቷ ሳያልቅ ጨቅላዋን ይዛ እኛ ቤት ገባች።

በዚያ ሰሞን አምስት በሽታን በአንድ ላይ የሚከላከለው መርፌ በኬንያ በኩል መሰጠት ከጀመረ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። በኢትዮጵያ በኩል ገና አልደረሰም። የሕፃናት ክሊኒኳ ነርስ ሲስተር ዲራሞ የቦረና ልጅ ናት። ኦሮምኛ፣ ስዋሂሊና አማርኛ እያቀላቀለች፣ "ኢጆሌን፣ ልጆቹን አምጡ፣ ከአምስቱ አንዱ ሳንባ ምች የሚያመጣው ተህዋስ ነው፣ ሦስት ጊዜ ነው፣ ቡሬ ነው፣ በነፃ ነው" እያለች ሰፈር ለሰፈር ትዞር ነበር። መዲና ይህን ሰምታ መርፌውን ለኢፍቱ ተመኘችው። ችግሩ ኢፍቱ ካርድ አልነበራትም። "ከማዶ ናት ብለው ይመልሱኛል" አለች።

እኔ ደግሞ ካርዱ ነበረኝ፤ መርፌውን ግን አልፈለግሁትም። የፈለግሁት ማኅተሙን ነው። ድንበር ላይ የሚኖር ሰው የወረቀትን ነገር ያውቀዋል። ማኅተሙ የተሟላ ካርድ ለልደት ወረቀት ይጠየቃል፣ ያለ ልደት ወረቀት ትምህርት ቤት የለም፣ ኋላም ኪፓንዴ፣ ማለትም መታወቂያ፣ የለም ይባል ነበር። ምን ያህሉ እውነት እንደሆነ አላጣራሁም። መርፌው ግን ልጅን ለአንድ ሁለት ቀን እንደሚያተኩስና እንደሚያስለቅስ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ቀጠሮ የዋለው ወደ ያቤሎ በምወጣበት ዋዜማ ነው። የሚያለቅስ ጨቅላ አዝዬ በጭነት መኪና ላይ ልቀመጥ?

ስለዚህ መላ መታሁ። "ካርዱን ውሰጂ" አልኳት መዲናን። "ኢፍቱን 'ሰሚራ ናት' በያቸው። ማኅተሙ ለእኔ፣ መርፌው ላንቺ።"

"ሰሚራስ?"

"ሰሚራ ምን ጎደላት? እስቲ እያት!"

እውነትም ሰሚራ ድቡልቡል ያለች ልጅ ነበረች። ኢፍቱ ናት ከሲታዋ። መዲና ትንሽ አንገራገረች። "ሁለቱንም ይዤ ልሂድና እንጠይቃቸው" አለች። እኔ ሳቅሁባት። ሁለት ልጅ በአንድ ካርድ ይዘሽ ሄደሽ ነገሩን ልታበላሺው ነው ወይ ብዬ አፏን አስያዝኳት። በስድስተኛው ሳምንት፣ በዐሥረኛው፣ በዐሥራ አራተኛው፣ ሦስት ጊዜ ኢፍቱ በሰሚራ ስም ተወጋች። በየጊዜው ሌሊት ትነጫነጫለች፣ እኔም ገበያዬን ሄጄ እመለሳለሁ። ሻጭም ገዥም ያተረፉበት ንግድ መስሎኝ ለጓደኞቼ በኩራት አውርቻለሁ። ይህን ስጽፍ እጄ ያፍራል።

ሆስፒታል የተቀበለን ከመሀል ኬንያ የመጣ ወጣት ሐኪም ነው፤ ሁሉም "ዳክታሪ" ነበር የሚለው። ስዋሂሊ ነው የሚናገረው፤ እኔም የገበያውን ያህል እሰማለሁ። ደረቷን አዳመጠ፣ ትንፋሿን በሰዓት ቆጠረ። "ኒሞኒያ ነው፤ ከባድ ኒሞኒያ" አለ፤ ሳንባ ምች ማለቱ ነው። ወዲያው ኦክስጅን አደረጉላት። በእጇ ጀርባ ላይ ሥር ፈልገው ቤንዛይል ፔኒሲሊን ጀመሩላት።

ከዚያ ካርዱን ገለጠው። በዚያ ካርድ ላይ የክብደት መስመር አለ፤ ልጁ በተወጋ ቁጥር ይመዘንና ነጥብ ይደረግበታል። ነጥቦቹ የኢፍቱ ናቸው። ዳክታሪ ነጥቦቹን በጣቱ ተከተላቸው፣ ወደ ሰሚራ ጭኖች አየ፣ ፊቱ በራ። "ቪዙሪ ሳና፣ በጣም ጥሩ፣ ማማ ሰሚራ። ክትባቷን ሦስቴ ጨርሳለች። ደግሞ ያኔ ከሲታ ነበረች፤ አሁን ግን እያት! ጎበዝ እናት ነሽ።"

አንገቴን ደፋሁ። ዓይን አፋር መሰልኩት።

ለምን ያኔ አልተናገርኩም? ለራሴ የሰጠሁት መልስ "ምን ለውጥ ያመጣል? መድኃኒቱን ጀምረውላታል" የሚል ነበር። እውነተኛው መልስ ግን ፍርሃት ነው። ሌላ ልጅ በስሟ ማስወጋት ማጭበርበር ነው። ካርዱን ይቀሙኛል፣ ፖሊስ ይጠሩብኛል፣ እኔንም መዲናንም ከድንበር ማዶ ይጥሉናል ብዬ ፈራሁ። ልጄ አየር አጥታ እየተንፈራገጠች እኔ ስለ ወረቀት አስብ ነበር።

ረቡዕ አልተሻላትም።

ሐሙስ ጠዋት ከንፈሯ ጠቆረ። አታለቅስም። ዓይኗን ትከፍታለች፣ አታየኝም። ጡት ከተወች ሦስተኛ ቀኗ ነው። በአፍንጫዋ በገባ ቱቦ ወተት ይሰጧታል። ስሟን ጠራሁ። ጠራሁ። ምንም።

ዳክታሪ መጣና ረጅም ጊዜ ቆሞ አያት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በቀስታ ተናገረ። "ማማ፣ መድኃኒቱ እስካሁን ሊይዝላት ይገባ ነበር። ክትባት ያልወሰደች ቢሆን ኖሮ የትኛውን ተህዋስ እንደምጠረጥር አውቃለሁ፤ መድኃኒቱንም እቀይር ነበር። የእሷ ግን የተሟላ ነው። ስለዚህ ሌላ ነገር መፈለግ አለብኝ፤ ምናልባት ቲቢ። ወደ ማርሳቢት ትልቁ ሆስፒታል እልካታለሁ።"

የማርሳቢትን መንገድ የዚያን ጊዜ ያየ ያውቀዋል። አስፋልት የለው፣ ሽፍታ ይፈራበታል፣ መኪና በአጀብ ነው የሚሄደው፤ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ልጄ ከኦክስጅኑ ልብሷን ለመቀየር ያህል ስትላቀቅ እንኳ ትጠቁራለች። መንገድ ላይ እንደምትሞት ገባኝ። የምትሞተውም በእኔ ካርድ ነው።

"ዳክታሪ" አልኩት፣ "ሲዮ ዬዬ።" እሷ አይደለችም።

አልገባውም።

"ካርዱ የእሷ ነው። የተወጋችው ሌላ ልጅ ናት። ይቺ አንድም ቀን አልተወጋችም።"

ካርዱን እንደገና ገለጠና የክብደቱን ነጥቦች አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። "ከማክሰኞ ጀምሮ ይህን እያወቅሽ ነው እዚህ የተቀመጥሽው?" አለ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። "እሺ። ለወቀሳ ጊዜ የለንም።" ክሎራምፌኒኮል የሚባል መድኃኒት ጻፈና ራሱ እየሮጠ ሄዶ አመጣው። ማርሳቢት የሚለውን ወረቀት ሰርዞ ጣለው።

በኋላ መርፌው ያስጥላት ነበር ወይ ብዬ ስጠይቀው መልሶልኛል፣ ቃሉንም ሳልጨምር ሳልቀንስ አስቀምጠዋለሁ። "የትኛው ተህዋስ እንደሆነ መማል አልችልም፤ እዚህ ያንን የሚለይ ላቦራቶሪ የለንም። ግን እንዲህ ያለውን ሳንባ ምች ከሚያመጡት ተህዋሶች አንዱ መርፌው የሚከለክለው ነው። እውነቱን ማክሰኞ ብትነግሪኝ በዚህ መድኃኒት እጀምርላት ነበር።" ሁለት ቀን ማለት ነው። ሁለቱን ቀን የወሰድኩባት እኔ ነኝ።

አርብ ከሰዓት ትኩሳቷ መውረድ ጀመረ። ቅዳሜ ከንፈሯ ቀላ። እሁድ ጠዋት መዲና ለእኔ ገንፎ ይዛ ስትገባ ሰሚራ አንገቷን አዙራ አየቻትና አለቀሰች። ድምጿ የሰለለ፣ የሚሰነጠቅ ነበር፤ እኔ ግን እንደዚያ ለቅሶ ያለ ጥሩ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ሰኞ ለት ጡት ያዘች፤ እየደከማት፣ እየተወች፣ እንደገና እየያዘች ቆየች። ከአልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ስትውጥ ጉሮሮዋን አያለሁ፣ እቆጥራለሁም፣ እስክታንቀላፋ ድረስ።

አንድ የሚያሳፍረኝን ነገር ሳልናገር አላልፍም። በዚያ መካከል መዲና ኢፍቱን አዝላ ልትጠይቀን ስትመጣ ኢፍቱ የዎርዱን ወለል እየዳኸች አዳረሰችው። ያቺ ልጅ ያው ሳል ነበራት፤ ከሰሚራ ጋር በአንድ ፍራሽ ነው የተኛችው። አፍንጫዋን አፍስሳ፣ ለሁለት ቀን ተነጫንጫ አለፈላት። ሳያት ጠላኋት። የዘጠኝ ወር ሕፃን ጠላሁ። መዲና ምን እንዳሰብኩ ገብቷታል መሰለኝ፣ ልጇን አንስታ ሰሚራን ግንባሯን ሳመቻትና ወጣች። እስከ ዛሬ አንድም ቀን "ሁለቱንም ልውሰድ ብዬሽ ነበር" አላለችኝም። አላህ ይስጣት፤ ያንን ዝምታዋን የምከፍልበት የለኝም።

ከሆስፒታል ከመውጣታችን በፊት የሕፃናት ክሊኒኩ ጋ ሄድኩ። ሲስተር ዲራሞ ዳክታሪ ነግሯት ሁሉን ሰምታለች። ፖሊስ ልትጠራብኝ ነው ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። "ሃሊማ፣ ተቀመጪ" አለችኝና አዲስ ካርድ ከመሳቢያዋ አወጣች። የኢፍቱን ስም ጻፈችበት፤ የሰሚራን ማኅተሞች አንድ በአንድ ወደዚያ ገልብጣ በሰሚራ ካርድ ላይ ሰረዝ ሰረዝ አደረገችባቸው።

"ለኢፍቱ ካርድ ትሰጫታለሽ?" አልኳት።

"ለምን አልሰጣትም?"

"ከማዶ ናት እኮ።"

ዲራሞ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። "አምላኬ ዋቅ ያውቃል፣ እኔ ልጅ ስወጋ ከየት ነሽ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ሳሉ ድንበሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል እንዴ? ሁለቱንም ብታመጡልኝ ሁለቱንም በአንድ ወንበር ላይ እወጋቸው ነበር።"

ከዚያ በፊት ቢያንስ ለኢፍቱ ደግ ሠርቻለሁ የምትል አንዲት መጽናኛ ነበረችኝ። እሷም ሄደች። ያ ሁሉ ልውውጥ ለምንም አልነበረም። አንድ ሰው መጠየቅ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ መዲና ልትጠይቅ ፈልጋ ነበር፣ እኔ ነኝ የሳቅሁባት።

ሰሚራ ሲሻላት ይዣት ሄድኩ። ከስድስት ሳምንት ጨቅሎች መካከል እኔ ዓመት ሊሞላት የደረሰች ልጅ ታቅፌ ተሰለፍኩ። አንዷ እናት "ይቺ ደግሞ ምን ትሠራለች?" ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት፤ ለሷም፣ ከኋላዋ ላለችውም። ጨዋታ እንዳይመስላቸው ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። ከመካከላቸው አንዷ ከቡቲዬ መንደር የመጣች ሴት ካርዷን ወደ ጉያዋ ሸጎጥ ስታደርግ አየሁ፤ እኔን መሰለችኝ። ሰሚራ በወር በወር ልዩነት ሦስቱንም ወሰደች። ሦስቱንም ጊዜ አተኮሳት። ሦስቱንም ጊዜ ገበያ አልሄድኩም፣ ዓለምም አልተገለበጠችም።

ስለ ገንዘቡ ሳልናገር ባልፍ ነጋዴ አይደለሁም። ከገበያ ላለመቅረት ብዬ ያደረግሁት ነገር ሙሉውን የበጋ ገበያ በላብኝ። ባለቤቴ አብዱ የጀመረውን የከብት ግዢ ጥሎ ከዲላ መጣ፤ ያስያዘው ቀብድ እዚያው ቀረ። ተሸጦ ያላለቀውን ቦንዳዬን ከገዛሁበት በታች ለቀቅሁት። ገበያ ውስጥ የነበረችኝን ቦታ ሌላ ሴት ያዘቻት፤ ደንበኞቼም ከእሷ ጋር ለመዱ። ከሆስፒታል ከወጣን በኋላም ለየሳሉ ክሊኒክ መመላለስ ነበር፤ እግሬን ተክዬ እንደገና ነጋዴ የተባልኩት ሰሚራ ሁለት ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። መዲና በዚያው ዓመት ኢፍቱ ጤነኛ ስለሆነችላት ሰርክ ገበያ ወጥታ የራሷን ትንሽ ሱቅ ከፈተች። በሁለታችን መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ጠዋት የፈጀ ነፃ መርፌ ነው። በሽታ ሲመጣ ልጁን ብቻ አይደለም አልጋ ላይ የሚያስተኛው፤ የቤቱን ሰው ሁሉ ከሥራ ያስቀራል። ይህን ስሌት ከማንም ነጋዴ ጋር ብትነጋገሩበት ይገባዋል።

ሰሚራ ዛሬ ደህና ናት፤ ለአላህ ምስጋና ይድረሰው። በእግሯ ዘግይታ ነው የሄደችው፤ ብርድ ሲመታት ግራ ደረቷ አሁንም ያፏጫል፣ ሽቅብ ስትወጣ ከጓደኞቿ ወደ ኋላ ትቀራለች። ያንን ወጣት ሐኪም በዓመቱ ቀየሩት፤ ስሙን ሳልጠይቀው መሄዱ ይቆጨኛል። ሲስተር ዲራሞንም፣ መዲናንም አመሰግናለሁ። ክትባቱ በኋላ በማዶም ደርሷል፣ ለሳንባ ምች የሚሆን ሌላ መርፌም ተጨምሮበታል፤ ከየትኛውም በኩል ብትሆኑ ጠይቁ። ቀኑ ካለፈባችሁም ሂዱ፤ እኔ ዘግይቼ ሄጄ ማንም አልመለሰኝም። ሐኪም ሲጠይቃችሁ የሚያሳፍረውን ነገር በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ። ከክሊኒኩ ስትወጡም ካርዱን ሳይሆን መርፌው የገባበትን የልጁን ጭን እዩ።

ሰሚራ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት ከትምህርት ቤት ስለ ክትባት ተምራ መጣችና ካርዷን አውጥታ "እማዬ፣ እነዚህ ለምን ተሰረዙ?" አለችኝ። አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣኛለች፣ ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ካርዱን አገላብጣ አየችው።

"ኢፍቱ ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"እንዳትነግሪያት። ከእኔ የወሰደችብኝ ይመስላታል።"

እዚህ የሁላችንንም ስም የቀየርኩት በእሷ ልመና ነው። ያን ዕለት ግን አንድ ነገር መለስኩላት፣ "ኢፍቱ ምንም አልወሰደችብሽም፤ የሰጠሁብሽ እኔ ነኝ" አልኳት። "አውቃለሁ" አለች፤ ካርዱን አጥፋ መልሳ ሰጠችኝና ከኢፍቱ ጋር ልትጫወት ወጣች።